ጅባ ላይ የተቀመጠችው ንግሥት

ጅባውን፣ ያን የእንሰት ምንጣፍ፣ ባራገፍኩት ቁጥር የሚሸተኝ በርበሬ ነው። ወልቂጤ ከመጣ ወዲህ ስንት ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ስንት ዱላ ቀመሰ፤ ዛሬም አጥሩ ላይ ጥዬ መታ መታ ሳደርገው አፍንጫዬን የያዘኝ ያው የቆሼ ከተማ በርበሬ ነው። አስነጠሰኝ። የእህቴ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ ነው የሚከርመው፤ ከውስጥ ሆኖ «ይማርሽ» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ፤ ቤት ስገባም ራቴን የምበላው እየተንጎራደድኩ ነው። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «የዚች ልጅ መቀመጫ ላይ እሾህ አለ» ትል ነበር። በዕድሜዬ ሳልነቃነቅ አንድ ቦታ ቁጭ ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እዚሁ ጅባ ላይ። ያስቀመጠችኝ ደግሞ የኮሪያ ንግሥት ናት። አትሳቁ፣ እነግራችኋለሁ።

ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ቡታጅራ፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። ከሰፈራችን ዲሽ ያለው እኛ ቤት ስለነበር፣ ዐስር ሰላት ተሰግዶ ሲያበቃ ሴቶቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ጫማ በር ላይ ይከመራል። ሪሞቱ አቧራ እንዳይገባው በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል፤ ቁጥሩ አይታይም፣ በዳበሳ ነው የሚነካው። ከዚያ ያ ከበሮ ይመጣል። ዱም… ዱም… አሁንም ድረስ እንዲያ ያለ ከበሮ ከየትም ስሰማ እግሬ ወደ ቤት ሊሮጥ ይቃጣዋል።

ድራማው የቤተ መንግሥት ነው። ኮሪያውያኑ አማርኛ ይናገራሉ፤ የንጉሡ ድምፅ በሌላ ጣቢያ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ ከሚሠራው ሰውዬ ድምፅ ጋር አንድ ስለሆነ ንጉሡ በተቆጣ ቁጥር እኔ ሳቄ ይመጣል። ልብሱን ግን ብታዩት! ቀዩ ቀይ ነው፣ አረንጓዴው አረንጓዴ፤ ሲራመዱ ሐሩ የሚያሰማው ሹክሹክታ እኛ ሳሎን ድረስ ይሰማል። የመኳንንቱ ጥቁር ባርኔጣ ደግሞ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ፀሐይ በውስጡ ያልፋል። እናቴን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነበር።

«እንዴ! ይኼ ሁሉ ሀብት እያላቸው በር በወረቀት ይሠራሉ? ሌባ የለም አገራቸው?»

«ሌባውማ ውስጥ ነው ያለው» ትላታለች የመምህሩ ሚስት። ጎረቤታችን ናት፣ ከጎጃም በባሏ ሥራ የመጣች ክርስቲያን፤ ጾም ይሁን ፍስክ ድራማው አያመልጣትም።

ገበታው ሲቀርብ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። ያ ሁሉ ትንንሽ ሳህን ይደረደራል፣ አንድም ሰው አይበላም፤ ንጉሡ የሚበላባቸውን ሁለት ዱላዎች አንሥቶ ይተክዝና መልሶ ያስቀምጣቸዋል። «ምግብ ፊት ለፊት አድርጎ መተከዝ ጥጋብ ነው!» ትላለች እናቴ። አጎንብሰው ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሲሰግዱለት ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለሰው መስገድ ማየቱ ራሱ ወንጀል የሚሆንባቸው ይመስል «አስተግፊሩላህ» ይሉና ንጉሡ ሲቀመጥ መልሰው ያፈጣሉ።

እህቴ ከእነሱ ጋር አትቀመጥም ነበር። በሩ ጥግ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ያገባችው ቆሼ ነበር። ባሏ ሳውዲ ሄደ፣ እዚያ ሆኖ ካማቷ ጋር መጣላቷን ሰማ፣ በስልክ ፈታት። በስልክ! እሷም አንድ ሻንጣ ይዛ እኛ ቤት ተመለሰች፤ ልጇን ግን አማትየዋ አልሰጥም አለች። ገና «እማ» ማለት የጀመረ ልጅ ነው። አባቴ ሽማግሌ ላከ፤ «ልጁ የአባቱ ነው፣ አባቱ ሲመጣ ይነጋገሩ» ተብለው ተመለሱ። ደግሞ ላከ፣ ያው። ከዚያ ወዲያ አባቴ ሽማግሌ መላክ ተወ። «በልመና ስሜን አልጨርሰውም፣ በቃ፣ እዚህ ቤት ስለሱ ወሬ እንዳልሰማ» አለ።

እኔና እህቴ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ከግድግዳው በኩል ሁልጊዜ አንድ ጠባብ ቦታ ትተዋለች፣ ለልጁ የሚበቃ። እኔ ደግሞ ተኝቼም አላርፍ፤ ስገላበጥ እዚያ ቦታ ውስጥ እገባለሁ፣ እሷም በእንቅልፍ ልቧ ክንዴን ይዛ ትጎትተኛለች። «እዚያ ጋ አትተኚ» ትላለች። ሌላ ነገር አትልም። አንጀቴን ትበላው ነበር፣ ግን እኔም ልጅ ነኝ፣ ምን እንደምላት አላውቅም።

ታዲያ ድራማው ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ንግሥቷን የንጉሡ እናት ወነጀለቻትና ከማዕረጓ አስወረደቻት። ልጇን፣ አልጋ ወራሹን፣ ነጠቋት። ሳሎኑ ውስጥ ማንም ወደ በሩ ጥግ ዞሮ አላየም፤ ሁሉም ግን የምስሩን ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ምስሩ መንኳኳቱን አቆመ። ንግሥቷም ጌጧን ሁሉ አወለቀች፣ የፀጉሯን መርፌዎች ነቀለች፣ ተራ ነጭ ልብስ ለበሰች፣ ከንጉሡ ደጅ ሰሌን አስነጠፈችና ቁጭ አለች። አገራቸው ደንብ ነው አሉ፤ ንጉሡ መልስ እስኪሰጥ ከዚያ ንቅንቅ የለም። በዚያው አለቀ።

«አይ ይቺ ሴት! አይ አማት! እሳት ይብላት!» እናቴ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። የማንን አማት እንደምትራገም እሷም በውል የምታውቅ አይመስለኝም።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሴቶቹ ለዱዓ የሚሰበሰቡት ሁላችንም እትዬ የምንላት አንዲት ሸምገል ያለች ባልቴት ቤት ነው። ዱዓውን የምትመራው እሷ ናት፤ የታመመ፣ የተቸገረ፣ መንገድ የሄደ ካለ እዚያ ይነሣል፣ አሚን ይባልለታል። እኔ ያን ቀን ትምህርት ስላልነበረኝ እናቴን ተከትዬ ሄጄ ነበር፤ በር ላይ ቆሜ አንዱን እግሬን በሌላው እያከክሁ። አንዷ ለታመመች ላሟ ዱዓ አስደረገች። አንዷ ለወንድሟ። ከዚያ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔስ ለዚያች ምስኪን አድርጉልኝ። ልጇን ነጥቀዋት ደጅ ተቀምጣለች። ዝናብ ሊመጣባት ነው።»

«አሚን! አሚን!» ተባለ። መዳፎች ፊት ላይ አረፉ።

እትዬ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «የማን ልጅ ናት?»

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። የመምህሩ ሚስት እዚያ ብትሆን ኖሮ ትመልስላት ነበር፣ ግን የለችም። እኔ ሆዬ ምላሴን መያዝ መች ዐውቄ! «የኮሪያ ንግሥት ናት!» አልኩ ከበሩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷማ ሳቋ ትን ብሏት ውኃ እስኪያመጡላት ድረስ። እትዬ ግን አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና እናቴን ትክ ብላ አየቻት።

«የኮሪያዋንም አላህ ያውቃታል፤ ዱዓው ይድረሳት። ያንቺስ ንግሥት? በር ጥግ ተቀምጣ ምስር የምትለቅመው?»

እናቴ ስለ እህቴ በሰው ፊት ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። አፏን በሻሿ ይዛ። «ሽማግሌማ ተልኮ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ሽማግሌ ሄዶ ምን አደረገ? ሻይ ጠጥቶ መጣ! ወንዶቹ ቆመው ጠየቁ፣ ቆመው ተመለሱ። እኛ ቁጭ ብለን እንጠይቃለን።» እትዬ ከግድግዳው ላይ የተጠቀለለውን ጅባ አወረደች። «እንዴት ነው ያደረገችው ያቺ ሴትዮ? እስኪ ንገሪኝ አንቺ ልጅ።»

ነገርኳት። ፀጉሯን ፈትታ፣ ነጭ ለብሳ ስላት ግን እትዬ ቱግ አለች። «አዑዙ ቢላህ! መንገድ ላይ ፀጉር? ሻሽ አይወልቅም። መስገድም የለም፣ ለአላህ እንጂ ለሰው አንሰግድም። መቀመጥ ብቻ። መቀመጥ ክልክል አይደለም።»

ጉዞው በማግስቱ ጁምዓ ሆነ፤ አባቴ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ነበር። እኔ ግን ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሐሙስ ከሰዓት በታየው ክፍል ንግሥቷ ዝናቡ ሲወርድባት ዋለች፤ ከንፈሯ ነጣ፤ በመጨረሻ ከወረቀቱ በር ጀርባ የንጉሡ ጥላ ተነሣ፣ እጁ ወደ በሩ ተዘረጋ፣ ዱም! አለቀ። ነገ ይወጣል ወይስ አይወጣም? እኔ ደግሞ ነገ ቆሼ ነኝ! «እኔ ብቀርስ?» አልኩ። እናቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ፣ በቃ።

ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ፣ እህቴ፣ እትዬ፣ የመምህሩ ሚስትና እኔ ነበርን። የመምህሩ ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታለች። «አንቺ ደግሞ ለቅሶ የምንሄድ አስመሰልሽው» አለቻት እትዬ፤ ግን ቦታ ለቀቀችላት። ጅባው በጉልበታችን ላይ ተጋድሟል። ወደ ቆሼ እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ ጨመረ፣ መስኮቱ አልከፈት አለ። እህቴ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ትጠርጋለች።

የአማትየዋ ግቢ ቀይ ነበር። የበርበሬ ወቅት ነው፤ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጅ ድረስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ መሐል ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ብቻ ቀርቷል። ገና ከመግባታችን ሁላችንም ሳል ጀመርን። በሩ ዝግ ነው። እትዬ «አሰላሙ አለይኩም!» አለች ጮክ ብላ። መልስ የለም። ውስጥ ግን ሰው አለ፣ ኮቴ ይሰማል፣ የልጅ ድምፅም ተሰማ። እህቴ ወደ በሩ ልትሮጥ ስትል እትዬ በቀሚሷ ያዘቻት። በርበሬውን በእግሯ ገለል ገለል አድርጋ ጅባውን ደጁ ላይ አነጠፈች።

«ተቀመጡ» አለች።

ተቀመጥን። እህቴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ዓይናችን ያለቅሳል፣ የሐዘኑ ይሁን የበርበሬው ማን ይለየው። አላፊ አግዳሚው ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል። አንዱ «ምን ሆነው ነው?» ሲል ሌላዋ «ዝም በል፣ እንደዚያ እንደ ድራማው ነው» አለችው። ቆሼም ያይ ነበር ለካ! እኔ ጉልበቴ ደነዘዘ፣ ወገቤ ቆረጠኝ፣ ጉንዳን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወጣ። ልነሣ ስሞክር እትዬ ሳታየኝ እጇን ጭኔ ላይ ጣል አደረገች። ከባድ እጅ ነበራት።

የቤቱ ጥላ ከግድግዳው ወጥቶ እስከ ጅባው ጫፍ መጣ፣ ከዚያ እህቴን አለፋት። ዐስር ደረሰ። በዚያን ጊዜ ነው ከውስጥ የሰማሁት።

ዱም… ዱም…

ወላሂ ከፍታዋለች! እኛ ደጇ ተቀምጠን እሷ ከግድግዳው ወዲያ ንግሥቷን ታያለች! የዳቦ ጋጋሪው ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። የዝናቡ ድምፅ አለ። መስኮቱ እኮ እዚያው ነው፣ ብነሣ፣ አንገቴን ብቻ ባሰግግ ንጉሡ መውጣት አለመውጣቱን ባይኔ አየዋለሁ። የመምህሩ ሚስትም ሰምታለች፣ ጆሮዋ ቆሟል፤ ተያየን። ግን እህቴ ፊት ለፊቴ ነበረች። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ፣ ከመጣን ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። እኔም አልተነሣሁም። እንዴት እንዳልተነሣሁ ዛሬም ይገርመኛል።

የመዝጊያው ዘፈን ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። በሩ ተከፈተ።

አማትየዋን ያን ቀን በደንብ አየኋት። ቁመቷ አጭር ነው፤ እኔ ግን የንጉሡን እናት የምታህል አድርጌ ነበር በሐሳቤ የሣልኳት። አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋለች። ልጁ ቀሚሷን ይዞ ከኋላዋ ተሸጉጧል። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር።

«ተነሡ ከዚህ» አለች። «ሰው ምን ይላል?»

ማንም አልተነሣም።

«እኔ ክፉ ሰው ነኝ እንዴ?» ጥያቄው ለእህቴ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ። «ልጄ ሄደ፣ አይደውልም። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ይኼ ልጅ ብቻ ነው። እሱንም ስትወስጂው እኔ ከማን ጋር አወራለሁ?»

«ክፉ ብትሆኚ መች እንመጣ ነበር» አለች እትዬ በለሆሳስ።

እህቴ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። «እማ» አለቻት፣ እንደ ድሮው። «አመጣልሻለሁ። ለአረፋ አመጣልሻለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ አመጣልሻለሁ። አሁን ስጪኝ።»

አማትየዋ ልጁን ብድግ አደረገችው። አልሄድም ብሎ አንገቷን አንቆ ያዛት፤ እናቱን ረስቷታል። እሱ ሲጮህ እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። አማትየዋ ናት ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው። በራሷ ፎጣ እህቴ ጀርባ ላይ አዘለችው፣ ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቀችው። «እጁን ሳታጥቡ አታብሉት፣ ዓይኑን ያሻል» አለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን ነው ጅባው ትዝ ያለኝ። «ላምጣው!» ብዬ ብድግ ስል እትዬ መልሳ አስቀመጠችኝ። «ተይው።» ዞሬ ሳይ አማትየዋ በርበሬው መሐል ጅባው ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ ፊቷን ወደኛ አድርጋ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አልተነሣችም።

ያን ቀን ቡታጅራ ሙሉ መብራት ጠፍቶ ውሏል አሉን። ድራማውን ማንም አላየም። ሰኞ ከበሮው ሲመታ ሰብሰብ ብንል ታሪኩ ዘሎ ሄዷል፤ ንግሥቷ ገጠር ውስጥ ልብስ ታጥባለች፣ ስለ በሩ የሚያነሣ የለም። እኔ በንዴት ልፈነዳ! እናቴ ግን ልጁን እግሯ ላይ አስቀምጣ ገንፎ እያጎረሰች ነበር፤ ማያውን ቀና ብላም አላየችው። አልጋው ላይ ያቺ ጠባብ ቦታ ባለቤቷን አገኘች፣ እኔ መሬት ወረድኩ።

እህቴ ቃሏን ጠበቀች። በየአረፋው ልጁን ቆሼ ታደርሳለች፤ በኋላማ አማትየዋን ራሷን ቡታጅራ ይዛት መምጣት ጀመረች። ልጇ ከሳውዲ አልተመለሰም። አንድ ጊዜ አማትየዋን ብቻዋን ሳገኛት ጠየቅኋት፣ ሆዴ አላስችል ብሎኝ። «ያን ቀን ንጉሡ ወጣ?» አልኳት። በርበሬ ስትቀነጥስ ነበር፤ ቀና አላለችም። «እኔ እንጃ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር» አለችኝ። ውሸቷን እንደሆነ ዐውቃለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቼ! ግን ትልቅ ሰው ውሸታም አይባል።

አማትየዋ ዘንድሮ ሞተች። ቆሼ ለሐዘን ስንቀመጥ ከእህቴ በላይ ያለቀሰ አልነበረም። ጅባው ቴሌቪዥኗ ፊት ለፊት ተነጥፎ ነበር፣ መሐሉ ጎድጉዷል። እትዬ ድሮ አልፋለች፤ ጅባውን የምንመልስለት ባለቤት የለም። «አያቴ የምትቀመጥበት ነው፣ እንውሰደው» አለ ልጁ። አመጣነው።

ዛሬ አራግፌ ሳስገባው ይኼን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ከዚህ በፊት ማንም አልነገረውም ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። «አክስቴ፣ ይኸው!» አለ። አግኝቶታል። በአማርኛ የለም፣ እንዲሁ በራሳቸው ቋንቋ ነው። ጅባው ላይ ተቀመጥን፤ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አቆመው።

ሰሌኑ አለ። ዝናቡ አለ። ንግሥቷ ከንፈሯ ነጥቷል። ከወረቀቱ በር ጀርባ ጥላው ተነሣ፣ እጁ ተዘረጋ። እጁ በሩን ነካ። ቆየ። ከዚያ ጥላው ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፣ መብራቱም ጠፋ። ንግሥቷ ዝናቡ ውስጥ ቀረች። አለቀ።

አልወጣም። ይኼን ሁሉ ዘመን ያ በር ተከፍቷል ብዬ ነበር የማስበው። አማትየዋ ይኼን አይታ ነው ቴሌቪዥኗን አጥፍታ አንድ ጫማ ብቻ አድርጋ የወጣችው። እኛ ደግሞ እናቴ ቤት ስሟን ስንጠራ ለስንት ጊዜ «የንጉሡ እናት» እያልን ሳቅን! ምነው ያኔ በነገረችኝ። ምነው ትልቅ ሰው ነች ብዬ ዝም ባላልኩ።

ልጁ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። የጅባውን ጎድጓዳ ቦታ በመዳፉ ይዳስሳል።

«አያቴስ?» አለኝ። «ወዲያው ነው የወጣችው?»

«ድራማው ሲያልቅ» አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም አልተነሣሁም፤ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ቆየሁ።